የተክለወልድ ወገብና ሣር የሌለው ሜዳ

ጅቡቲ ነፃ ከመውጣቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ ወር፣ ስኳር የጫነ መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ ነበር። ተክለወልድ ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ጫኝና አውራጅ ሆኗል። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሰባት ሰዎች ጋር ጆንያ እየተቀባበለ መረብ ውስጥ ይደረድራል፤ መረቡን ክሬን ያወጣዋል። ከቀትር በፊት፣ የሞላው መረብ ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ።

ሌሎቹ ወደ መርከቡ ግድግዳ ሸሹ። የተክለወልድ እግር ግን በሁለት ጆንያ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። አንዱ ጆንያ ወገቡን መታው፤ የቀሩት በላዩ ተከመሩ። ባልደረቦቹ በእጃቸው እየጎተቱ ሲያወጡት በሕይወት አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። የተቀደደው ጆንያ ስኳር አፉንና አፍንጫውን ሞልቶት ነበር። እስከ ዛሬ ሻይ የሚጠጣው ያለ ስኳር ነው፤ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀው "ድርሻዬን አንድ ቀን ጨርሼዋለሁ" ይላል።

ሦስት ወር በጀርባው ተኛ። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር በነበረችው የጣውላ ቤታቸው እናቱ እንደ ሕፃን አጎረሱት። በአራተኛው ወር ግድግዳ ይዞ ሲቆም፣ ካቦ አበባው የሚባሉት የሥራ አለቃ አራት ሜትር አቡጀዲ ይዘው መጡና ወገቡን ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

"የተመታ ወገብ አይታመንም" አሉት። "ወደብ ላይ እስካለህ ድረስ እንዳትፈታው።"

የወደብ ሰዎች ልማድ ይህ ነበር። ወገቡ የተመታ ሰው በሸሚዙ ሥር ጨርቅ ይታጠቃል። የታጠቀውን ሰው ያከብሩታል፤ የፈታውን ግን ክፉ ነገር በራሱ ላይ እንደ ጠራ ይቆጥሩታል። ተክለወልድ በቀን ሲሠራ ታጠቀው፤ ሲተኛም ታጠቀው። ሲያረጅ በሌላ እየለወጠ፣ አራት ሜትሩን ሳያጎድል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ላይ ሠራ።

ተክለወልድ እኩያዬና ጎረቤቴ ስለሆነ አንቱ እያልሁ አልጽፍለትም፤ እንዲያ ብጽፍ ይስቅብኛል።

በሃምሳ ዓመቱ ከወደብ ወጣ። ቤት መዋል አልሆነለትም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጎልፍ ሜዳ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲሉት ሄደ። ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያየ ሰው አረንጓዴ ሣር ይጠብቃል። የእኛ ሜዳ ድንጋይና አሸዋ ነው፤ የእሾህ ቁጥቋጦና የፍየል መንገድ ያቋርጡታል። ኳስን ከድንጋይ ላይ መምታት ዱላውን ስለሚያበላሸው፣ ተጫዋቹ የመጽሐፍ ገበታ የምታህል የፕላስቲክ ሣር ምንጣፍ ይዞ ይዞራል። ኳሱ ካረፈበት ደርሶ ጎንበስ ይልና ምንጣፏን ያነጥፋል፤ ኳሱን በላይዋ ያስቀምጣል፤ ይመታል፤ እንደገና ጎንበስ ብሎ ምንጣፏን አንሥቶ ይሄዳል። ጉድጓዱ ባለበት ዙሪያ አሸዋው በተቃጠለ ዘይት ተለውሶ ይጠቀጠቃል። እሱን "ጥቁሩ" ይሉታል። የተክለወልድ ሥራ በየማለዳው ጥቁሩን በጣውላ መደልደል ነበር።

አንድ ፈረንጅ ተጫዋች አገሩ ሲገባ አሮጌ ዱላዎቹን ትቶለት ሄደ። ተክለወልድ ሥራውን ሲጨርስ ብቻውን መምታት ጀመረ። አስተማሪ አልነበረውም። ሲጫወቱ ያየውን ይሞክራል፤ ሲሳሳት ይስቃል፤ እንደገና ይሞክራል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሜዳውን ያሠሩትን ሰዎች ማሸነፍ ያዘ። ወደብ ላይ በስሙ የጠራው አለቃ ስንት እንደነበር እንጃ፤ እዚህ ግን መሐንዲሱም መርከበኛውም በፈረንጅ ደንብ አክብረው "ሙሴ ተክለ፣ ይህችን እንዴት ልምታት?" እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ሰው በሃምሳ አምስት ዓመቱ አንድ ነገር አዋቂ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ደስታውን አልተመቀኘሁም።

የጨዋታ ጓደኛው ሙጠሊብ ነው። አባቱ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ እሱም በማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሰው በሚምርበት ወራት፣ ዓርብ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። ሙጠሊብ ለጁምዓ ሰላት እንዲደርስ ከአራት ሰዓት በፊት ይጨርሳሉ። ሲሸናነፉ ይሰዳደባሉ፤ ሲመለሱ አንድ ሳህን ዓሣ አብረው ይበላሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ተክለወልድ ጥሩ አድርጎ መታና ምንጣፏን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ሙጠሊብ ከወዲያ ማዶ ቆሞ አየው።

"ተክሌ! ለሰላት አጎንብሰህ ሩኩዕ ላይ ነህ እንዴ? የምንሰግድበት ቂብላ እኮ በወዲያ ነው!"

"አትሳቅ።"

"ከሰለምህ ደግሞ ቀድመህ ንገረኝ፣ ድግሱን እኔ ልደግስ።"

"ሙጠሊብ፣ አትሳቅ አልሁህ። ወገቤ አልዘረጋ አለኝ።"

ሙጠሊብ ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ሁለት ሰዎች ተጨምረው፣ እንደታጠፈ ተሸክመው መኪና ውስጥ በጎኑ አስተኙት። በመንገዱ ሁሉ ሙጠሊብ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተክለወልድ "ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ሙጠሊብ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው" ይላል።

ሚስቱ ፋናዬ ጨው አሙቃ በጨርቅ ቋጥራ ወገቡ ላይ አደረገችለት፤ ሲሞቅ ይሻለዋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ወጌሻ መጥቶ በታጠቀው ጨርቅ ላይ አሸው፤ ሁለት ቀን ጮኸ። በኋላ ወደ አንድ የግል ሐኪም ሄዶ ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ምስሉን በመስኮቱ ብርሃን አየና የቆየ ስብራት እንዳለ፣ አጥንቶቹም እንደ ተጠጋጉ ነገረው። ካልተሻለው ውጭ አገር ሄዶ በቀዶ ሕክምና መታከም እንደሚያስፈልገው ጨመረለት።

"ጎልፉስ?" አለ ተክለወልድ።

"ምን ጎልፍ?"

"እጫወታለሁ።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "በዚህ ዕድሜ ጎልፍ ምን ያደርግልዎታል፣ አባቴ? ጡረታዎን አርፈው ይብሉ።"

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሽማግሌ መልካም ምክር የሰጠ መስሎት ነው። ተክለወልድ ግን ቤቱ ገባና ዱላዎቹን ከአልጋው ሥር ከተታቸው። ሁለት ወር ከቤት አልወጣም። ሙጠሊብ ሊጠይቀው ሲመጣ የተኛ አስመስሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ፋናዬ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያስፈራት ሕመሙ አይደለም። "ወደብ ላይ ሳለ ደክሞት ሲገባ እንኳ ያወራ ነበር" አለችኝ። "አሁን ግን ስጠይቀው 'እሺ' ብቻ ነው መልሱ። እሺ የሚል ተክለወልድ አግብቼ አላውቅም።"

ታክሞ መጫወት ካልቻለ ያ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ገባት። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ ማዕከላዊ ገበያ ሄደች፤ ሙጠሊብን ከሱቁ አስወጥታ፣ "ጓደኛህን ወይ አድንልኝ፣ ወይ አብረኸኝ አልቅስ" አለችው።

ሙጠሊብ ውዳድ የምትባል ልጅ ያውቃል፤ እናቷ ከሱቁ ሁለት ሱቅ አልፋ ሽርጥ ትሸጣለች። የሐረር ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ተምራ የመጣችው የጀርባና የመገጣጠሚያ ሕመምን በእጅና በእንቅስቃሴ ማከም ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ያለውን ባለሙያ በፈረንሳይኛው ኪኔ ይሉታል። በአንድ ፎቅ ምድር ቤት ጠባብ ክፍል አላት።

ተክለወልድ መሄዱን የተስማማው ፋናዬ አላስቀምጥ ስላለችው ነው። ውዳድ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ልጅ ናት። በመጀመሪያ ብዙ ጠየቀችው። እግሩ ይደነዝዘው እንደሆነ፣ ሽንቱን መቆጣጠር አቅቶት ያውቅ እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም ክሳት ኖሮበት እንደሆነ። የለም አለ። ራጁን አየች።

"ይህ ስብራት የተገጠመው እኔ ሳልወለድ ነው፣ አባባ" አለችው። "ክፉ ምልክት የምንለውን አላየሁም። አሁን የሚያምዎትን ለማግኘት ግን ምስሉ አይበቃኝም። እንዴት እንደሚጫወቱ ያሳዩኝ።"

"እዚህ?"

"እዚህ። ነገ ዱላዎን ይዘው ይምጡ። ያቺን ምንጣፍም።"

በማግስቱ ተክለወልድ ዱላና ምንጣፍ ይዞ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ "ሐጂ፣ ዓሣ ልታጠምድ ነው?" አለው። ተክለወልድ ያን ቀን ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ውዳድ ጠረጴዛዋን ገፍታ ቦታ አበጀችለት። ቀስ ብሎ አሳያት። ሁለት እግሩን ቀጥ አድርጎ ከወገቡ ብቻ ታጠፈና ምንጣፏን አነጠፈ። ዱላውን ሲያዞር እግሮቹ መሬት ላይ እንደተቸነከሩ ናቸው፤ ዳሌው አይዞርም፤ የሚጠመዘዘው የታችኛው ወገቡ ብቻ ነው።

"እግርዎ ለምን አይንቀሳቀስም?" አለችው።

ተክለወልድ አሰበ። ማንም ጠይቆት አያውቅም። "ጆንያ ስንቀባበል ስምንት ሰው ተጠጋግተን እንቆማለን" አላት። "እግሩን ያነቃነቀ ይረገጣል። ከወገብ ተቀብለህ፣ ከወገብ ዞረህ ነው የምታቀብለው።"

"በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ይጎነበሳሉ?"

አብረው ቆጠሩ። ዘጠኙን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ነው የሚዞሩት። ከምንጣፍ ላይ ስልሳ ያህል ጊዜ ይመታል፤ ለአንዱ ሁለቴ ይጎነበሳል፤ ኳሱን ከጉድጓድ ማውጣት ሲጨመር ከመቶ ሠላሳ በላይ ሆነ።

ውዳድ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አባባ፣ እርስዎ እኮ ከወደብ አልወጡም! ዓርብ ዓርብ መርከብ ያራግፋሉ!"

ሊቆጣ ፈለገ፤ አልቻለም። ቀጥላ ግን ሸሚዙን ገለጥ እንዲያደርግ ጠየቀችው፤ ጨርቁን አየች። ለምን ያህል ጊዜ እንደታጠቀው ስትሰማ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወገብን አቅፈው የሚይዙ ጡንቻዎች እንዳሉ፣ ጨርቅ ለዓመታት ሥራቸውን ሲሠራላቸው እነሱ እንደሚሰንፉ፣ ያን ጊዜ ለሦስት ወር ረድቶት ይሆናል እንጂ አሁን እየደገፈው ሳይሆን እያደከመው እንደሆነ አስረዳችው። መፈታት አለበት አለች።

"ይኼ አይፈታም" አለ ተክለወልድ፤ ሸሚዙን መለሰና ተነሣ። "ልጄ፣ አክብሬሻለሁ። ሌላ መድኃኒት ካለሽ ንገሪኝ።"

"ሌላ የለኝም" አለች ውዳድ። "ሲያስቡበት ይመለሱ። በሩ ክፍት ነው።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙጠሊብ ቤቱ መጣ። እኔም ነበርሁ። ተክለወልድ ስለ ልጅቷ ድፍረት ተናገረ፤ ስለ ካቦ አበባው ቃል ተናገረ። ሙጠሊብ ሻዩን እየጠጣ እስኪጨርስ ጠበቀው።

"ካቦው ምን ነበር ያሉህ? ቃላቸውን ንገረኝ።"

"ወደብ ላይ እስካለህ ድረስ እንዳትፈታው።"

"መቼ ነው ከወደብ የወጣኸው?"

ተክለወልድ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

"በአላህ ይዤሃለሁ! አንተ ጡረታ ከወጣህ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነህ፤ ጨርቁ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ይገባል። እሱንም አሰናብተው እንጂ!"

የፋናዬን ሳቅ ከጓዳ ሰማን። ተክለወልድ አልሳቀም። በማግስቱ ግን ልብሱን ለብሶ ወደ ውዳድ ሄደ።

ውዳድን አንድ ነገር ለመናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንድታዞር። አዞረች። ጨርቁን ዙር በዙር ፈታ። ሲጨርስ ሁለት ሆኜ የምሰበር መሰለኝ ብሎኛል። "ጨርሻለሁ" ሲላት ዞረች። እጆቿን በግራና በቀኙ ዘረጋች፤ ግን አልነካችውም። "አልያዝኩዎትም" አለችው። "የቆሙት ራስዎ ነዎት።"

ሕክምናው በአንድ ጊዜ የሆነ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ጨርቅ የሚቆየው በቀን አንድ ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። መሬት ላይ ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ ዳሌውን ከፍ ያደርጋል። ከወንበር ሳይደገፍ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ማለዳ ማለዳ በባሕሩ ዳር ይራመዳል። ፋናዬ አጠገቡ ቆማ "አሥር! አንዱን ሰረቅህ፣ ድገም!" ትለዋለች።

ከባዱ ምንጣፏን ማንሣት መማር ነበር። ውዳድ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ፣ አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ አሳርፎ እንዲያነሣት አሳየችው።

"እኔ ለኳስ አልንበረከክም" አላት። "ጉልበቴ የሚነካው የቤተ ክርስቲያን ወለል ነው።"

"ለኳሱ አይደለም። ለወገብዎ ብለው ነው።"

"ሰው ሲያየኝ ምን ይላል?"

"ሰው ጎብጠው ሲሸከሙዎት አይቶ ምን አለ?"

ተንበረከከ። ተንበርክኮም ተነሣ። ሕመም አልነበረም።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። ለማንም ሳይነግር ሜዳው ሄዶ ሃያ ኳስ በሙሉ ኃይሉ መታ። በማግስቱ ከአልጋ መውረድ አቃተው። ሁሉም ነገር አበቃ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ውዳድ ሥራዋን ጨርሳ እቤቱ መጣች። ቁጣ ሲጠብቅ፣ ወገቡን ነካክታ አየችና፣ "አልተበላሸም፣ ተበሳጭቶ ነው" አለችው። "በሃያ ፈንታ አምስት ቢመቱ ኖሮ ዛሬ አብረን እንስቅ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ እንደ ገና እንሄዳለን።" ሦስት ቀን ቆይቶ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረገ።

እግሩን ማንቀሳቀስም አስተማረችው። ዱላው ሲዞር ዳሌውም ይዞራል፤ የኋላ ተረከዙ ከመሬት ይነሣል። እሷ በሕይወቷ ጎልፍ ተጫውታ አታውቅም፤ ሰውነት እንዴት እንደሚዞር ግን ታውቃለች። ሁለቱ እውቀታቸውን አዋጡ።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሙቀቱ ሜዳውን ሊዘጋው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሦስት ጉድጓድ ብቻ እንዲጫወት ፈቀደችለት። ያን ዓርብ ፋናዬም ውዳድም መጡ፤ እኔም ጥላ ይዤ ተከተልሁ። ሙጠሊብ የመጀመሪያውን ኳስ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተው። ተክለወልድ ዱላውን ተክሎ በአንድ ጉልበቱ ወረደ፣ ምንጣፏን አነጠፈ፣ ተነሣ። መታ። ኳሱ እንደ ድሮው ሩቅ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ግን ሄደ። እንደገና ወረደና ምንጣፏን አንሥቶ ተነሣ። ቀና ብሎ መራመድ ሲጀምር ፋናዬ እልል አለች። ሙጠሊብ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገና፣ "አቧራ ነው" አለን፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የጨዋታ ዘመን አለፈ። ተክለወልድ አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ዙር ብቻ ይጫወታል፤ አንዳንድ ማለዳ ወገቡ ይጨመድደዋል፤ ልምምዱን ሲሠራ ይለቀዋል። ሙጠሊብን ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱን ያሸንፈዋል፤ ሙጠሊብ ግን ይህን እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር፣ ከዚህ ሁሉ ለእሱ የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። ወደብ የሚገባ መርከብ እያየ እንዲህ አለኝ፦

"መጫወቴ ደስ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እሱ አይደለም። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው 'አንሣ' ሲለኝ፣ 'አውርድ' ሲለኝ፣ በኋላ ደግሞ 'ተወው' ሲለኝ ኖርሁ። ሁሉም ያውቁልኝ ነበር። ያቺ ልጅ ግን ተማርሁ ሳትል ጠረጴዛዋን ገፍታ፣ 'እንዴት እንደሚጫወቱ ያሳዩኝ' አለችኝ። አየህ? በስልሳ ስድስት ዓመቴ አንድ ሰው የእኔን አሠራር ሊያይ ተቀመጠ። ወገቤ የዳነው በኋላ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ነው የዳንሁት። ይህን ጻፍልኝ፤ ስሟንም በትልቁ ጻፈው።"